ዓለም ግቧን መምታቷን በምን እናውቃለን?
የዘላቂ ልማት ልኬት በፊዚክስ ዓይን

እንደሚታወቀው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል የሆኑ 193 አገሮች ሴፕቴምበር 25 ቀን 2015 በኒው ዮርክ ባካሄዱት ጉባኤ፣ እስከ 2030 ድረስ ሊደርሱባቸው የሚገቡ 17 የዘላቂ ልማት ግቦችን አጽድቀዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በግቦቹ ሥር 169 ዒላማዎች ተዘርዝረዋል። የእነዚህን ዒላማዎች አፈጻጸም ለመከታተልም ከ230 የሚበልጡ አመላካቾች ተመርጠው በ2017 በድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ ጸድቀዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ድርጅቱ በየዓመቱ የሂደት ሪፖርት ያወጣል። የ2024ቱ ሪፖርት መረጃ ከተገኘላቸው ዒላማዎች መካከል በትክክለኛው መንገድ ላይ ያሉት 17 በመቶ ብቻ መሆናቸውን፣ ከአንድ ሦስተኛ የሚበልጡት ደግሞ ባሉበት የቆሙ ወይም ወደ ኋላ የተመለሱ መሆናቸውን አስታውቋል።

ይህን ዜና የሰማ አንባቢ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። አንደኛው «ስለ ምን ዘገየን?» የሚል ነው፤ መልሱም በምጣኔ ሀብትና በፖለቲካ ምሁራን ዘንድ ይፈለጋል። ሁለተኛው ግን «መዘግየታችን በምን ታወቀ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ የልኬት ጥያቄ በመሆኑ እኛን የሳይንስ ተማሪዎችንና መምህራንን በቀጥታ ይመለከተናል። በፊዚክስ ላብራቶሪ የአንድን ፔንዱለም የውዝዋዜ ጊዜ ስንለካ፣ የምንለካው ነገር ትርጉሙ ምን እንደሆነ፣ በምን መሣሪያ እንደለካነውና ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ ሳንገልጽ ውጤታችንን ለማንም አናቀርብም። ታዲያ የሚለካው የፔንዱለም ውዝዋዜ ሳይሆን በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ቁጥር ሲሆን፣ ጥንቃቄው ሊጨምር እንጂ ሊቀንስ አይገባውም።

ትርጉሙ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል

ማንኛውም ልኬት በትርጉም ይጀምራል። ለዚህም የመጠጥ ውኃን ታሪክ እንመልከት። ከዘላቂ ልማት ግቦች በፊት በነበሩት የሚሊኒየም የልማት ግቦች ዘመን፣ አንድ ቤተሰብ ውኃ አግኝቷል የሚባለው «ከተሻሻለ ምንጭ» ሲቀዳ ነበር። የቧንቧ ውኃ፣ ቦኖ፣ የተከለለ ምንጭ ወይም በአግባቡ የተሸፈነ ጉድጓድ ከሆነ የተሻሻለ ይባላል። በዚህ ትርጉም መሠረት የሚሊኒየሙ የውኃ ዒላማ ጊዜው ከመድረሱ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2010 መሳካቱ ተበሥሯል። በ2015ም ከተሻሻለ ምንጭ የማይጠጣው የዓለም ሕዝብ 663 ሚሊዮን እንደሆነ ተገምቶ ነበር።

የዘላቂ ልማት ግቦች ሲመጡ ግን ትርጉሙ ጠበቀ። አሁን የሚጠየቀው ውኃው በመኖሪያ ግቢ ውስጥ መኖሩ፣ በሚፈለግበት ጊዜ መገኘቱ፣ እንዲሁም ከዓይነ ምድር ብክለትና ጎጂ ከሆኑ ኬሚካሎች ነፃ መሆኑ ነው። በዚህ አዲስ መሥፈርት ሲለካ፣ ለዚያው ለ2015 የተገኘው ቁጥር 2.1 ቢሊዮን ሆነ። በምድር ላይ የደረቀ ወንዝ ወይም የተሰበረ ቧንቧ ኖሮ አይደለም፤ የተለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው። አዲሱ ጥያቄ ግን ለእኛ የበለጠ እውነት ይናገራል። በስምጥ ሸለቆአችን ከሚገኙት የጉድጓድ ውኃዎች ብዙዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ወሰን የሚያልፍ ፍሎራይድ ይዘዋል። ጉድጓዱ የተሸፈነ፣ ፓምፑም የሚሠራ በመሆኑ በቀድሞው ትርጉም «የተሻሻለ ምንጭ» ይባላል፤ የሕፃናቱን ጥርስና የአዋቂዎቹን አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድ ግን በሽፋኑ አይወገድም። በአዲሱ መሥፈርት ከሚመረመሩት ኬሚካሎች አንዱ ፍሎራይድ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ድህነትም እንዲሁ ነው። የዓለም ባንክ የከፋ ድህነት ወለል አድርጎ የሚጠቀምበትን መስመር በጁን 2025 በቀን ከ2.15 ዶላር ወደ 3 ዶላር ከፍ ሲያደርግ፣ በ2022 በከፋ ድህነት ውስጥ ነበር የተባለው ሕዝብ ከ713 ሚሊዮን ወደ 838 ሚሊዮን ተሻሻለ። ስለዚህ ሁለት ሪፖርቶችን ይዞ «ድሆች በ125 ሚሊዮን ጨመሩ» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ አንዱን ርዝመት በክንድ ሌላውን በሜትር ለክቶ ልዩነቱን እንደሚያሰላ ሰው ነው።

ሟቾችን መቁጠር

ከአመላካቾቹ ሁሉ የልኬትን አስቸጋሪነት አጉልቶ የሚያሳየው በሦስተኛው ግብ ሥር የመጀመሪያ ሆኖ የተቀመጠው የእናቶች ሞት ምጣኔ ነው። ይህም በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት 42 ቀናት ውስጥ፣ ከእርግዝናው ጋር በተያያዘ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ቁጥር ነው። ዒላማው በ2030 የዓለምን ምጣኔ ከ70 በታች ማድረስ ነው። በ2023 ግን ምጣኔው 197 ነበር። በዚያ ዓመት ወደ 260,000 የሚጠጉ እናቶች እንደሞቱ ይገመታል፤ በቀን ከ700 በላይ ማለት ነው።

እነዚህ እናቶች የት ተመዘገቡ? ልደትና ሞት ሁሉ በመዝገብ በሚሰፍርባቸው አገሮች መልሱ ቀላል ነው። ብዙ እናቶች በሚሞቱባቸው አገሮች ግን መዝገቡ የለም፤ ወይም ከፊሉን ብቻ ይዟል። የሞተችውን እናት ሄዶ መጠየቅም አይቻልም። በዚህ ጊዜ የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች አንድ ብልሃት ዘየዱ፤ እኅቶቿን መጠየቅ። በአገራችን በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎች በ645 የናሙና ሥፍራዎች ወደ 16,650 ቤተሰቦች ዘልቀው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 15,683 ሴቶችን አነጋግረዋል። እያንዳንዷ ሴት ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድሞቿንና እኅቶቿን በየተራ እንድትጠቅስ፣ የሞተች እኅት ካለችም በስንት ዓመቷ እንደሞተችና በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ እንደነበረች እንድትናገር ትጠየቃለች።

ዘዴው ረቂቅ ቢሆንም ገደብ አለው። በመጀመሪያ፣ በዚህ መንገድ የሚቆጠረው በእርግዝናና በአራስነት ጊዜ የደረሰ ሞት በመሆኑ የሞቱ ምክንያት በትክክል ላይለይ ይችላል። ሁለተኛ፣ መልሱ ከጥናቱ በፊት ያሉትን ሰባት ዓመታት በአንድነት የሚሸፍን ነው። ከሩቅ ኮከብ የሚደርሰን ብርሃን የኮከቡን ያለፈ ዘመን እንደሚያሳየን ሁሉ፣ የ2016ቱ ጥናትም የሚነግረን በአማካይ ከዚያ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ ስለነበረው ሁኔታ ነው። ሦስተኛ፣ የሚናገርላት እኅት የሌላት እናት በዚህ ሚዛን ላይ አትወጣም።

የጋይገር ቆጣሪና የእናቶች ሞት

በእነዚህ ጥናቶች የተገኙት ውጤቶች እንደሚከተለው ናቸው። በ2000 ምጣኔው 871፣ በ2005 673፣ በ2011 676፣ በ2016 ደግሞ 412 ነበር። የ2011ዱ ውጤት በወጣ ጊዜ «በስድስት ዓመት ውስጥ ምንም አልተሻሻለም፤ እንዲያውም በሦስት ጨመረ» ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። ነገር ግን ሪፖርቱ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የስህተት ወሰኑንም አትሟል፤ ለ2005 ከ548 እስከ 799፣ ለ2011 ከ541 እስከ 810፣ ለ2016 ከ273 እስከ 551። በሳይንስ ቋንቋ ስህተት ማለት ጥፋት ማለት አይደለም። ልኬቱ እውነተኛውን ዋጋ ምን ያህል ሊያጠብልን እንደቻለ የሚገልጽ የሐቀኝነት መግለጫ ነው።

ወሰኑ ይህን ያህል የሰፋው ስለ ምንድን ነው? መልሱን የኑክሌር ፊዚክስ ተማሪ ከጋይገር ቆጣሪ ያውቀዋል። በአጋጣሚና አንዱ ከሌላው ተለይቶ የሚደርስን ነገር ስንቆጥር፣ የቆጠራው መደበኛ ስህተት ከቁጥሩ ስኩዌር ሩት ጋር እኩል ነው። በምሳሌ እናስላው። ጥናቱ 10,000 ልደቶችን ሸፈነ እንበል። ምጣኔው 412 ከሆነ የሚቆጠሩት ሟች እናቶች 41 ያህል ናቸው። የ41 ስኩዌር ሩት 6.4 ነው። የዚህን እጥፍ ወደ ላይና ወደ ታች ስንወስድ ከ28 እስከ 54 እናገኛለን፤ ይህም በ100,000 ሲሰላ ከ280 እስከ 540 ይሆናል። የእውነተኛው ጥናት አሠራር ከዚህ የተወሳሰበ ቢሆንም፣ ውጤታችን ከታተመው ወሰን ጋር መቀራረቡ የስህተቱ ዋና ምንጭ የተቆጠሩት ሞቶች ማነስ መሆኑን ይጠቁመናል።

አሁን ወደ ንጽጽሩ እንመለስ። በ2005ና በ2011 መካከል ያለው የ3 ልዩነት ከስህተቱ አንጻር ከቁጥር አይገባም። ምጣኔው ተሻሽሎ ወይም ብሶ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው ግን ይህን ለመለየት አቅም አልነበረውም። በ2011ና በ2016 መካከል ያለው ልዩነት ግን 264 ነው። የሁለቱ ልኬቶች መደበኛ ስህተት በቅደም ተከተል 67ና 70 ያህል ስለሆነ፣ የልዩነቱ መደበኛ ስህተት የሁለቱ ስኩዌር ድምር ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 97 ይሆናል። 264 የዚህ 2.7 እጥፍ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የሚገኘው እጅግ አልፎ አልፎ በመሆኑ፣ የእናቶች ሞት በእርግጥ ቀንሷል ብለን ለመናገር እንደፍራለን። ወሰኖቹ በጥቂቱ ስለተደራረቡ ብቻ «ለውጥ የለም» ማለትም ስህተት መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የመጋመሻ ጊዜ

ሂደትን ለመከታተል ቁጥሩ የት እንደደረሰ ከማወቅ በተጨማሪ በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህም ከሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ትምህርት የምናውቀውን፣ በተለምዶ ሃፍ ላይፍ የሚባለውን የመጋመሻ ጊዜ መዋስ እንችላለን። የዓለም የእናቶች ሞት ምጣኔ በ2000 328 ነበር፤ በ2023 197 ደረሰ። በ23 ዓመታት ውስጥ የታየው ቅነሳ በዓመት በአማካይ 2.2 በመቶ ነው፤ የመጋመሻ ጊዜው 31 ዓመት ያህል መሆኑ ነው። በዚህ ፍጥነት ከተጓዝን ከ197 ተነሥተን 70 የምንደርሰው በ2070 አካባቢ ነው። ዒላማውን በ2030 ለመምታት ግን ምጣኔው በየዓመቱ ወደ 14 በመቶ መቀነስ፣ የመጋመሻ ጊዜውም ወደ 4.7 ዓመት መውረድ ይኖርበታል። የቅነሳው ፍጥነት ግን ከ2016 ወዲህ ከቀድሞው ይብስ ዝግ ብሏል። አንባቢ ይህን ስሌት በካልኩሌተሩ ራሱ እንዲያረጋግጥ እመክራለሁ፤ የሚያስፈልገው የሎጋሪዝም ቁልፍ ብቻ ነው።

በአገራችን ከ2000 እስከ 2016 በተደረጉት ጥናቶች መሠረት የተገኘው የመጋመሻ ጊዜ 15 ዓመት ገደማ ነው። ይህም ከዓለም አማካይ በእጥፍ የፈጠነ ነው። በዚያ ዘመን በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የተስፋፉት ጤና ጣቢያዎችና በጤና ተቋም የመውለድ ልማድ ማደግ በአንድነት ለዚህ አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይታመናል። እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንዳበረከቱ ከአራት ነጥቦች ብቻ መለየት ግን አይቻልም።

ልኬትና ግምት አንድ አይደሉም

በዓለም አቀፍ ሪፖርቶች የሚታተሙት የየአገሩ ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ ቀጥተኛ ልኬቶች አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ፣ የዓለም ባንክና የድርጅቱ የሥነ ሕዝብ ክፍል በጋራ በሚያዘጋጁት ሒሳባዊ ሞዴል የሚሰሉ ግምቶች ናቸው። ሞዴሉ የጥናት ውጤቶችን፣ የአገሩን ገቢ፣ የውልደት ምጣኔንና በሠለጠነ ባለሙያ የሚዋለዱ እናቶችን ድርሻ አጣምሮ መረጃ የጎደለባቸውን ዓመታት ይሞላል። አዲስ መረጃ በመጣ ቁጥርም ያለፉት ዓመታት ሁሉ እንደገና ይሰላሉ።

ለምሳሌ በ2015 በወጣው ግምት የኢትዮጵያ ምጣኔ ለ2015 353 ተብሎ ነበር። በ2019 በወጣው ግምት ደግሞ ለ2017 401 ተባለ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የእናቶች ሞት የጨመረ ይመስለዋል። በአዲሱ ስሌት መሠረት ግን ምጣኔው በእነዚያ ዓመታትም እየቀነሰ ነበር፤ ከፍ ያለው የግምቱ መስመር በሙሉ ነው። ስለዚህ ሂደትን ማነጻጸር የሚገባው በአንድ እትም ውስጥ በሚገኙ ቁጥሮች መካከል እንጂ ከልዩ ልዩ እትሞች በተለቀሙ ቁጥሮች መካከል አይደለም።

ግቡ ሲቀርብ መሣሪያው ይታወራል

እስካሁን ያየነው ሁሉ ወደ አንድ ብዙም ያልተነገረ ችግር ያደርሰናል። አንድ አገር ተሳክቶለት ምጣኔውን ወደ 70 አወረደ እንበል። ያው የ10,000 ልደት ጥናት አሁን የሚያገኘው 7 ሟች እናቶችን ብቻ ነው። የ7 ስኩዌር ሩት 2.6 ስለሆነ ወሰኑ በ100,000 ከ17 እስከ 123 ይሰፋል። ይህ ጥናት አገሩ ዒላማውን አልፎት ይሁን ገና ሩቅ ይሁን ሊነግረን አይችልም። ስህተቱን ወደ 20 በመቶ ለማጥበብ 100 ሞቶችን መቁጠር ያስፈልጋል፤ ለዚህም ከ140,000 በላይ ልደቶችን መሸፈን ግድ ነው። እንዲህ ያለ የናሙና ጥናት ወጪው አይቻልም። ጤናችን በተሻሻለ መጠን በናሙና የሚለካው መሣሪያችን እየደከመ ይሄዳል ማለት ነው።

መፍትሔው ከናሙና ወደ ሙሉ መዝገብ መሸጋገር ነው። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሕግ ተደንግጎ በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ጀምሯል። ሥራው ከምን ያህል ዝቅተኛ ቦታ እንደተነሣ ለመገንዘብ፣ በዚያው ዓመት ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት በተጠናቀቀው ጥናት ልደታቸው የተመዘገበላቸው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከመቶ 3 ብቻ እንደነበሩ ማስታወስ ይበቃል። ከዘላቂ ልማት አመላካቾች አንዱ አንድ አገር ባለፉት አሥር ዓመታት የሕዝብ ቆጠራ ማካሄዱን፣ ልደትን መቶ በመቶ፣ ሞትን ደግሞ 80 በመቶ መመዝገቡን የሚጠይቅ ነው። የአገራችን ሦስተኛው ቆጠራ የተካሄደው በ2007 ሲሆን፣ ተከታዩ በ2019 ዳግመኛ መራዘሙ ይታወሳል። ቆጠራ የሁሉም ምጣኔዎች አካፋይ ነው፤ አካፋዩ ሲያረጅ በላይ ያለው ቁጥር ምንም ያህል ቢጣራ ውጤቱ አብሮ ያረጃል።

ችግሩን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። በ1984 ተጀምሮ ከ90 በላይ በሆኑ አገሮች የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶችን ሲደግፍ የኖረው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታ ነበር። በ2025 መጀመሪያ ዕርዳታው ሲቋረጥ ፕሮግራሙም ሥራውን አቆመ። የብዙ አገሮች መለኪያ በአንድ አገር በጀት ላይ የተንጠለጠለ እንደነበረ ያን ጊዜ በግልጽ ታየ። በራሱ መዝገብ ልደቱንና ሞቱን የሚያውቅ አገር ግን እንዲህ ያለ ውሳኔ መለኪያውን አያሳጣውም።

ከተማሪዎች ምን ይጠበቃል?

ውድ አንባቢያን፣ ከእናንተ መካከል ነገ ሐኪም፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያ፣ ጋዜጠኛ ወይም የቀበሌ የክብር መዝገብ ሹም የሚሆኑ አሉ። ዛሬ ግን ሁላችሁም የቁጥር አንባቢዎች ናችሁ። ስለ ልማት የሚነገር ቁጥር ሲያጋጥማችሁ አምስት ጥያቄዎችን እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ። የተለካው ነገር ትርጉሙ ምንድን ነው? አካፋዩ ማን ነው? የስህተት ወሰኑ ስንት ነው? ቁጥሩ የየትኛውን ዘመን ሁኔታ ይገልጻል? የተለካ ነው ወይስ የተገመተ? እነዚህን የሚጠይቅ ሰው በየመድረኩ በሚነገር ድል በቀላሉ አይታለልም፤ በእውነት የተገኘውን ድልም በጥርጣሬ ብቻ አይጥለውም።

በየሠፈራችሁም የምትሠሩት አለ። በቤተሰባችሁ ልጅ ሲወለድ ወይም ሰው ሲሞት በቀበሌ መመዝገቡን ጠይቁ፤ ካልተመዘገበ አስመዝግቡ። በአንዲት ገጠር ቀበሌ በአንዲት እናት ስም ፊት የሚሰፍረው የሞት ቀንና ምክንያት፣ በቀጣዩ ዓመት ለዚያ ወረዳ ደም፣ መድኃኒትና አምቡላንስ የሚመድበው ሰው የሚያነበው መረጃ ነው። ስሟ ያልሰፈረ እንደሆነ ግን የሞተችበት ምክንያት ጎረቤቷንም እስኪወስድ ድረስ የሚያውቀው አይኖርም።